ትከሻ ድምፅ የለውም፦ የሳሎን ጭፈራ የሥራ ማስታወሻ

ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

ትናንት የሚካኤልን ታቦት ስንሸኝ ከሰፈር ልጆች መሀል ገብቼ ሆ ማለት ጀመርኩ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላኝ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለና ወደ ዳር ወጥቼ አጥር ተደገፍኩ። ትልቋ ልጄ (11 ዓመቷ ነው) "አባቢ፣ ደህና ነህ?" ስትለኝ እንኳ መልስ ለመስጠት ጊዜ ወሰደብኝ። ባለፈው ወር ሐኪሙ ግፊትህ 138 በ88 ነው፣ መድኃኒት ከመጀመራችን በፊት እስቲ ተንቀሳቀስ ብሎኝ ነበር። እሺ ብዬ ወጣሁ፤ እሺ እንዳልኩ ቀረሁ።

ሰበብ አጥቼ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ ሒሳብ ላይ ተቀምጬ የምውል ሰው ነኝ። ጂም ከቤታችን ሁለት ታክሲ ነው። ንጋት ላይ ከኮንዶሚኒየሙ ግቢ ወጥቶ መሮጥ ደግሞ እኛ ሰፈር ከውሻ ጋር መሽቀዳደም ማለት ነው። "መንገድ ለሰው" በ2011 ዓ.ም. የተጀመረ ሰሞን መስቀል አደባባይ ወርደን ከሕዝቡ ጋር ኤሮቢክስ ሠርተናል። ደስ ይል ነበር፤ ግን አንዴ ብቅ ብሎ መጥፋት ለፎቶ እንጂ ለልብ አይሆንም።

ስለዚህ የቀረኝ ሳሎኑ ነው። ከሶፋው፣ ከቴሌቪዥኑና ከእማዬ ረከቦት የተረፈው ቦታ ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል፤ ሦስተኛ ፎቅ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ ደግሞ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ይላል። 25 ደቂቃ በሳምንት ስድስት ቀን ብንሠራ የእኔ ይሞላል። የልጆቹ ግማሹም አይሞላ፤ ቀሪውን ግቢ ውስጥ ሲሯሯጡ ያሟሉታል።

ዛሬ ማታ ሙከራ፦ ከኢንተርኔት የፈረንጅ የቤት ውስጥ ስፖርት ቪዲዮ ከፈትኩ። ትንሹ (6 ዓመቱ ነው) አፉን ከፍቶ ስክሪኑ ላይ ፈጥጦ 20 ደቂቃ ቆመ። ያላባት አሠልጣኟን ብቻ ነው። ውሳኔ፦ ምስል የለም። ድምፅ ብቻ፤ የራሳችን ጭፈራ፤ አሠልጣኝ የማይፈልግ።

ጥር 15፣ ሐሙስ

ዘፈን መምረጥ ቀላል መስሎኝ ነበር። ለስፖርት የሚሆን ዘፈን ምቱ ስንት መሆን አለበት? በአንድ ደቂቃ ወደ 100 እርምጃ የሚሆን አካሄድ መካከለኛ እንቅስቃሴ ተብሎ ይቆጠራል። ከዚያ ጀምሬ ወደ ላይ ልወጣ አሰብኩ። አቆጣጠሩ፦ 15 ሰከንድ እያጨበጨቡ መቁጠር፣ በ4 ማባዛት።

እዚህ ላይ ከልጄ ጋር ተጣላን። አንድ የድሮ ችክችካ ዘፈን ከፈትን። እኔ 28 ቆጠርኩ፤ ማለትም 112። እሷ 42 ቆጠረች፤ 168 ሆነ። ስልኩ ላይ የጫንኩት መቁጠሪያም ከእሷ ጋር ወገነ። ደጋግመን ብንሞክር እኔም ያው፣ እሷም ያው። ግማሽ ሰዓት ከፈጀን በኋላ ነው የገባን። ችክችካ አንዱ ዙር ስድስት ትንንሽ ምት አለው። ሦስት ሦስት አድርገህ ብትጠቀልለው ሁለት ትልልቅ ምት ይወጣል፤ ሁለት ሁለት ብትጠቀልለው ሦስት። 112 እና 168 የአንድ ዘፈን ሁለት ፊት ናቸው። እግሬ ሁለቱን ሲከተል ትከሻ ሦስቱን ይፈልጋል። ትንሹ ግን ሳይቆጥር ሁለቱንም አንድ ላይ እየሠራ ነበር፤ እሱን ማንም ልብ አላለውም።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያው ቅንብር። ስሜቱ ከፍ ይበል ብዬ በጉራጊኛ ጀመርኩ። ትልቅ ስህተት። ጉራጊኛ ሰውነት ሳይሞቅ የሚገባበት አይደለም። ጭፈራው ሁሉ እግር ነው፤ ጉልበት ይነሳል፣ ተረከዝ ይመታል፣ ጭብጨባው እያጣደፈ ይነዳሃል። አራተኛው ደቂቃ ላይ ባለቤቴ ጎኗን ይዛ ሶፋ ላይ ወደቀች። ትልቋና ትንሹ ግን ተቀጣጥለዋል። እኔም እልህ ይዞኛል።

በሩ ተንኳኳ። የታችኛው ፎቅ እትዬ የላኳት የልጅ ልጅ ናት። "አያቴ ምን ሆናችሁ ነው አለች?"

ስፒከሩን ሳጠፋው ሌላ ድምፅ ሰማሁ። የእማዬ ረከቦት ላይ የተደረደሩት ሲኒዎች ገና እየተንጫጩ ነበር።

ጥር 18፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ይቅርታ ልጠይቅ ወረድኩ። እትዬ ቡና አፍልተው ነበር የጠበቁኝ፤ ይሄ ይበልጥ አሳፈረኝ። "ዘፈኑንስ እኔም ታች ሆኜ ሰማሁት፣ ምንም አይልም" አሉ። "እግራችሁ ነው ልጄ። ጣሪያው ላዬ ላይ የሚወርድ መሰለኝ።"

እንግዲህ ችግሩ ሙዚቃው ሳይሆን ወለሉ ነው። ይህን ሰው ሳይነግረኝ ማሰብ ነበረብኝ።

የመጀመሪያው መላ የእንግዳ የስፖንጅ ፍራሽ መዘርጋት ነበር። ድምፁ ቀነሰ፤ ግን ስፖንጅ ላይ ሲዘለል ቁርጭምጭሚት ይወላገዳል። ትንሹ ሁለቴ ወደቀ፤ እሱ ሳቀ፣ እናቱ አልሳቀችም። ፍራሹ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሁለተኛው መላ ስፒከሩን ከወለል ላይ ማንሳት ነው። ወለል ላይ ሲቀመጥ ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ) ኮንክሪቱ ራሱ ተቀብሎ ያወርደዋል። አሁን መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ፣ ከሥሩ የታጠፈ ፎጣ ተደርጎለት ተቀምጧል። ኢኮላይዘሩ (የድምፅ ማስተካከያው) ላይም ቤዙን ቀነስኩት። ጭብጨባውና ክራሩ ጎልቶ ወጣ፤ ለመጨፈርም እንደዚህ ይሻላል።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ሳምንቱን ሙሉ የፈተንነው በሲኒ ነው። ሐሳቡ የትልቋ ነው። ስድስት ሲኒ ረከቦቱ ላይ ይደረደራል፣ እኛ እንጨፍራለን፣ አንዱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። ሲኒ ከተንጫጫ እትዬ ሰምተዋል ማለት ነው። እማዬ ሲኒዎቿ ፈተና ላይ መዋላቸውን አልወደደችውም፤ ቢሆንም ዳኛ ሆና ከመቀመጥ ያገዳት የለም።

ከእያንዳንዱ ጭፈራ በኋላ የእጄን ትርታ 15 ሰከንድ እቆጥራለሁ። 42 ዓመቴ ነው። 220 ሲቀነስ ዕድሜ በሚለው ግምት ጣሪያዬ 178 ይሆናል፤ መካከለኛ እንቅስቃሴ የሚባለው ደግሞ ከዚያ ላይ ከ64 እስከ 76 በመቶ፣ ማለትም በግምት ከ114 እስከ 135 ነው። በ15 ሰከንድ ከ29 እስከ 33 ከቆጠርኩ መስመሬ ላይ ነኝ። መቁጠር ለሰለቸው ሌላ መንገድ አለ፤ እየጨፈሩ ማውራት መቻል፣ አብሮ መዝፈን ግን አለመቻል። እኔ ሁለቱንም አልቻልኩም ነበር።

በትግርኛ ጀመርን። ክብ ሠርቶ በእርጋታ መዞር፣ የሳሎኑን ጠረጴዛ እንደ ዋርካ መሀል አድርጎ። ሲኒዎቹ ጸጥ፤ ትርታዬ 104። ከበሮው ድንገት ሲፈጥን ደግሞ እንቅስቃሴው አብሮ ይለወጣል፤ ለሰውነት ማሟሟቂያ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። በዝግታው ስለሞቅህ ጉልበትህ ሳይደነግጥ ያስገባሃል። ወላይትኛው ወገብ ነው። እግር ተተክሎ፣ ጉልበት ትንሽ ታጥፎ፣ ዳሌ ብቻ። ሲኒ የለም፣ ላብ ግን አለ፤ በማግሥቱ ደረጃ ስወርድ ጭኔ አስታወሰኝ። የሸዋ ኦሮሞው ላይ ትንሹ አንገቱን ሲወዘውዝ ዞሮበት ሶፋው ጋ ተላተመ፤ እኔ ደግሞ የወንዶቹን ዝላይ ሞከርኩና ስድስቱም ሲኒ ጮኸ። ጉራጊኛን በእግር ጣት፣ ሳንዘል፣ ጉልበት ብቻ እያነሳን ደገምነው። ሁለት ሲኒ፣ ትርታዬ 140። ለአጭር ጊዜ ይቻላል።

እስክስታው ላይ ግን ቆምኩ።

ትርታዬ 128፣ ሲኒ ዜሮ። በመጀመሪያ አላመንኩም። እስክስታ ለእኔ የሰርግ ቤት ነገር ነበር፤ ስፖርት ብዬ አስቤው አላውቅም። ትከሻዬንም የማንቀጠቅጠው እንደ በረደው ሰው ነበር። እማዬ ጎጃም ተወልዳ ያደገች ናት። ሁለት ደቂቃ አየችኝና አልቻለችም፤ ተነሳች።

"ከክንድህ አይደለም። ክንድህን እርሳው። ደረትህ ነው የሚጥለው፣ ትከሻህ ይወድቃል እንጂ አታወርደውም።"

ወገብህን ያዝ አለችኝ፣ ያዝኩ። ጉልበትህን ላላ አድርግ አለች፣ አደረግኩ። ከዚያ ያ ጨፋሪዎች በጥርስ መሀል የሚያወጡት "እስ! እስ!" ለጌጥ የሚመስለኝ ነገር ምን እንደሚሠራ አሳየችኝ። ትከሻ በወደቀ ቁጥር ትንፋሽ ይወጣል። ያን ካላደረግህ ትንፋሽህን አፍነህ ትጨፍርና በሁለት ደቂቃ ታልቃለህ፤ ጥር 12 ቀን አጥር ላይ የተደገፍኩት እንደዚያ ሆኜ ሳይሆን አይቀርም። እማዬ 69 ዓመቷ ነው። አንድ ሙሉ ዘፈን ጨፈረች፣ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች። ሲኒዋን አነሳች፤ እጇ አልተንቀጠቀጠም።

ትልቋ ደብተሯ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "ትከሻ ድምፅ የለውም።"

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

የማቀናበር ሥራ። ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ላይ ነው የምሠራው። የእኛ ዘፈኖች ለስፖርት ሦስት ችግር አለባቸው። መግቢያቸው ይረዝማል፤ ማሲንቆው አንድ ደቂቃ ሲያለቅስ ሰውነት ይቀዘቅዛል። ከካሴት የተገለበጡት ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ የአሁኖቹ ደግሞ የሚጮህ ስለሆነ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲታለፍ ወይ ጆሮ ይደነግጣል ወይ ሰው ይቆማል። ሦስተኛ፣ አንዳንዱ ዘፈን ሊያልቅ ሲል ፍጥነቱን ይጨምራል።

መግቢያዎቹን ቆረጥኩ (የማሲንቆውን አንዱን ግን አልቆረጥኩም፤ ኃጢአት መሰለኝ፣ ለማብረጃ አስቀመጥኩት)። የድምፁን መጠን አቻ አደረግኩ። መጋጠሚያዎቹ ላይ አንዱ እየደከመ ሌላው እየገባ እንዲያልፍ አራት አራት ሰከንድ ደረብኩ። ቅላጼው ሳይለወጥ ፍጥነትን የሚቀይር መሣሪያም አለው። ቀስ ያለውን እስክስታ 5 በመቶ ጨመርኩለት፣ አይታወቅም። 12 በመቶ ስጨምር ግን ጭብጨባው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ ይመስላል። ተውኩት።

ይሄን ሁሉ ለምን እንደምለፋበት ባለቤቴ ስትጠይቀኝ የኃይሌን ነገር አነሳሁላት። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1998 እ.ኤ.አ. በርሚንግሃም ላይ የ2,000 ሜትር የቤት ውስጥ ውድድር ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ "ስካትማን" የሚባለው የዳንስ ዘፈን በድምፅ ማጉያ ተለቅቆለት እርምጃውን ከምቱ ጋር አስማምቶ ነበር የሮጠው። "እሱ ኃይሌ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን ምቱና እግሩ ሲገጥም የሚፈጠረውን ነገር እኛም ሳሎን ውስጥ አይተነዋል። ሲገጥም ትንሹ እንኳ ስንት ደቂቃ ቀረ ብሎ አይጠይቅም።

ማታ 3 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። 19 ደቂቃ የሚሆነውን ሴቭ አላደረግኩም ነበር። ስለዚህ ምንም አልጽፍም።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ወላጅ ለሆነ ሰው ከምቱ የሚከብደው ግጥሙ ነው። ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ትንሹ ከመስኮቱ ጋር ተጣብቆ የትናንቱን ዘፈን በሙሉ ድምፁ ለቀቀው። ስለ ድራፍት ነው። ከዚያም ስለ ሌሊት። ረዳቱ "ወንድ!" አለውና ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ግን ዞረው እኔን አዩኝ፣ እሱን አላዩትም።

ማታ ከትልቋ ጋር ዝርዝሩን እንደገና ሰማን። ያልታሰበው ነገር፣ ዘመናዊዎቹ ብቻ አይደሉም የሚጣሉት። ልጅ እያለሁ ትርጉሙ ሳይገባኝ የዘፈንኩት አንድ የድሮ ዘፈን አሁን ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ስሰማው አፈርኩ። እሷ ደግሞ "አባቢ፣ ይሄ ወርቁ ሌላ ነው አይደል?" አለች። ሰሙ ያለፈውን ወርቁ ጣለው። ከ22 ዘፈን 13 ቀረ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ሦስተኛው ቅንብር፣ 25 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። ትግርኛው 4 ደቂቃ እየዞርን፤ ከበሮው ሲፈጥን 2 ደቂቃ። ከዚያ ወላይትኛ 4። እስክስታ 6 ደቂቃ በሁለት ዘፈን። ጉራጊኛ በእግር ጣት፣ 3 ደቂቃ ብቻ፣ ከዚያ በላይ ሲኒዎቹ አይፈቅዱም። እንደገና እስክስታ 3፣ በመጨረሻ ማሲንቆው፤ እጅ ወደ ላይ፣ ወገብ ወደ ጎን፣ ትንፋሽ። ጉራጊኛው መሀል ላይ መቀመጡ ነው ያዳነው። ሰውነት ሞቋል፣ ገና አልደከመም፣ ከኋላው ደግሞ ትከሻ ይጠብቀዋል።

ትርታዬ ከጉራጊኛው በኋላ 136፣ መጨረሻ ላይ 100። ባለቤቴ ጎኗን አልያዘችም። እትዬ ሰው አልላኩም።

የካቲት 16፣ እሑድ

ቅበላ። ሁለት ጊዜ ጨፈርን፤ ሁለተኛው ከጥሬ ሥጋ በኋላ ስለነበር ጥሩ አሳብ አልነበረም። ማታ እማዬ ረከቦቷን እያነሳች "ከነገ ጀምሮ ዘፈን የለም" አለች።

"እማዬ፣ ይሄ እኮ ስፖርት ነው።"

"እግርህ ስፖርት ይሠራ። ጆሮህ ይጹም።"

መከራከሪያ አላገኘሁም። እውነቱን ለመናገር እኔም በሁዳዴ ዘፈን ስከፍት እጄ ደስ አይለውም። ቅንብሩን ስሠራ ግን የ55 ቀን ጾም መንገድ ላይ እንደቆመ አንድም ቀን አላሰብኩም።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ያለ ሙዚቃ ሞከርን። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት" እያልኩ ስቆጥር ሳሎኑ ካምፕ መሰለ። ትንሹ በስድስተኛው ደቂቃ ሽንት ቤት ሄዶ አልተመለሰም። ትርታዬ 96። ያው ሳሎን፣ ያው ሰዎች፣ ያው እንቅስቃሴ፤ ምቱ ሲወጣ ጉልበቱም አብሮ ወጣ።

ያወጣችን ባለቤቴ ናት። ትልቋን ፊት ለፊቷ አቁማ "እቴሜቴ" ጀመረች። ያ ሁለት ሴት ልጆች እጅ ለእጅ እየተማቱ የሚጫወቱት ጨዋታ። በየአራተኛው ማጨብጨቢያ ቁጭ ብድግ ጨመሩበት። እየፈጠነ ይሄዳል፣ የሳተ ይወጣል፣ ከዚያ ሁለት ዙር ስንሮጥ እንቆይና ሌላ ጥንድ ይገባል። ትርታዬ 120 ደረሰ። ወደ እማዬ ዞር አልን። "ይሄማ የልጅ ጨዋታ ነው" አለች። ፈቃድ ተገኘ።

የካቲት 23፣ እሑድ

ዓድዋ። ሽለላና ፉከራ ከሬዲዮ ሲመጣ እማዬ ራሷ ድምፁን ጨመረችው። "ይሄስ?" አልኳት። "ይሄ ታሪክ ነው።" ትንሹ የመጥረጊያ እንጨት ይዞ ሳሎኑን ሲረግጥ ስድስቱም ሲኒ ጮኸ። በዓል ስለሆነ አለፍነው።

ከትናንት ጀምሮ እትዬም ረመዳን ይዘዋል። ሁለቱ ጾም ዘንድሮ ገጥሟል። ወርጄ ሰዓት ጠየቅኳቸው። ከሰዓት በኋላ ጋደም ይላሉ፤ ከ11 ሰዓት ወዲያ ግን ማፍጠሪያ ለማዘጋጀት ወጥ ቤት ስለሆኑ አይረብሻቸውም። እኔ ከሥራ የምገባው 12 ሰዓት ነው፤ ማፍጠሪያ ሊደርስ ሲል። ስለዚህ እስከ ኢድ ድረስ ልጆቹን ባለቤቴ ትመራለች፣ እኔ ከቢሮ መልስ አራተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃውን ሦስት ጊዜ እመላለሳለሁ። አሰልቺ ነው። ጽፌዋለሁ እንጂ አልወደድኩትም።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ግፊት ተለካሁ፦ 131 በ84። የትከሻው ይሁን የጾሙ፣ ወይስ ባለቤቴ ከወጡ ላይ የቀነሰችው ጨው፣ አንዱን ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ሐኪሙ የምሠራውን ሲጠይቀኝ "እስክስታ" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ካርዱ ላይ ጻፈው።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ፋሲካ አልፎ ዛሬ ቅንብሩን ከፈትነው። የትግርኛው ከበሮ ሲጀምር ትንሹ ከመኝታ ቤት በአንድ እግር ካልሲ እየሮጠ መጣ። በጾሙ የተማርነውን አልጣልንም፤ ጉራጊኛው ላይ ከ3 ደቂቃ አንዱን ለ"እቴሜቴ" ሰጠነው፤ በዘፈኑ ጭብጨባ ላይ በደንብ ይቀመጣል። ትርታዬ 132። እየጨፈርኩ ለባለቤቴ ሽንኩርት አልቋል ማለት ችያለሁ። ለመዝፈን ሞከርኩ፣ አልቻልኩም፤ እንደ ደንቡ ነው።

የእትዬ የልጅ ልጅ በሩን አንኳኳች። ደነገጥን። ሲኒዎቹን አየን፣ ዝም ብለዋል። አያቷ ልከዋት ሳይሆን ራሷ ነው የመጣችው፤ ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀች። ቦታ ስላልበቃን ጠረጴዛውን ወደ ኮሪደር አወጣነው።

የቀረ ሥራ፦ ሁለተኛው እስክስታ 2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ላይ መጋጠሚያው አንድ ምት ይዘላል፤ ትልቋ ሁልጊዜ እዚያ ጋ ትስታለች። የስፒከሩ ባትሪ 40 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቆየው። ለማብረጃ ሁለተኛ የማሲንቆ ዘፈን እፈልጋለሁ፤ እማዬ አንድ አውቃለሁ ብላለች፣ ስሙን ግን አታስታውሰውም። ነገ ማታ ታንጎራጉርልኛለች።